በሦስት ሰዓት ደቅ

ባለቤቴ የጉና ሰው ነው። በእሱ አገር ውሃ ማለት ዘለው የሚሻገሩት ነገር ነው። ክረምት ሲገባ ይሞላል፤ ሰው ከዳር ቆሞ እስኪጎድል ይጠብቅና ጫማውን አውልቆ ያልፋል፤ በቃ። ባሕር ዳር ስምንት ዓመት ሲኖር ጣና ላይ አንድ ቀን እንኳ አልወጣም። የምንኖረው ዓባይ ማዶ ስለሆነ በየቀኑ ድልድዩን እንሻገራለን። ባጃጁ ድልድዩ ላይ ሲወጣ የጀመረውን ወሬ ያቋርጣል፤ ድልድዩ ሲያልቅ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። ከተጋባን ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን እያየሁ አንድም ቀን አላነሣሁበትም።

እኔ ደግሞ ጣና መሐል ያለችው የደቅ ደሴት ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ፊደል የቆጠርሁትም ዳዊት የደገምሁትም ከእሳቸው እግር ሥር ቁጭ ብዬ ነው፤ አስኳላ የገባሁት ግን አሥራ አምስት ዓመት ከሞላኝ በኋላ፣ ሐይቁን ተሻግሬ አክስቴ ቤት ስገባ ነው። አንደኛ ክፍል ስቀመጥ ከአስተማሪዋ በቁመት እበልጥ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደል ላይ ይጨክናል መሰለኝ። አሁን በአንድ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት መዝገብ አዘጋጃለሁ፤ አንዲት ነጥብ ያለ ቦታዋ ገብታ ካየሁ ምሳ አይበላልኝም።

አባቴ ለሠርጋችን አልተሻገሩም። ጉልበታቸው ጀልባ መውጣትና መውረድ ከከለከላቸው ቆይቷል፤ እሳቸው እንደሚሉት። ከባለቤቴ ጋር የሚተዋወቁት በስልክ ነው። በየሳምንቱ "ልጄ፣ መቼ ነው ዓይንህን የማየው?" ይሉታል። "እግዜር ሲፈቅድ፣ የኔታ" ይልና ስልኩን መልሶ ይሰጠኛል። የእኔ ጭንቀት አንድ ነበር። የመጀመሪያው ጉዞ ካስደነገጠው ሁለተኛ አይኖርም። ከውሃው ወዲያ ያለው ግማሹ ሕይወቴ ይዘጋበታል፤ አባቴም የልጃቸውን ባል ሳያዩ ይቀራሉ። ስለዚህ አልገፋሁትም።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ እሱ ራሱ ነገሩን አመጣው። የአንድ ሳምንት ዕረፍት ነበረን። መንገዱ ደግሞ በዚህም በዚያም አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ ነበርና በመኪና ራቅ ወዳለ አገር የሚኬድ አልሆነም።

"እንግዲህ በውሃ ነዋ" አለ፣ ሻይውን እያማሰለ።

"በምን?"

"በውሃ። ምነው፣ ያንቺ ሰዎች አይሄዱበትም እንዴ?"

"አንተ?"

"እኔማ ሬሳዬ ቢደርስ ምን ቸገረሽ፤ ትቀብሪኛለሽ።" ሳቀ፤ ማማሰሉን ግን አላቆመም፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። "ቦታውን አንቺ ምረጪ። ጀልባውንም አንቺ ምረጪ። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ስንት ሰዓት ላይ መሬት እንደምረግጥ ንገሪኝ። ሰዓቱን ካወቅሁ እችለዋለሁ።"

የሚሠራው መናኸሪያ ውስጥ፣ ስምሪት ክፍል ነው። የትኛው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚወጣ የሚናገረው እሱ ነው። ለእኔ ነጥብ የሆነችውን ያህል ለእሱ ሰዓት ናት።

በዚያው ሳምንት መደርደሪያ ሳስተካክል አንድ የቆየ የውጭ መጽሔት እጄ ገባ። በበረዶ ተራራ ላይ መንሸራተት ለሚወዱ ሰዎች የሚታተም ነው። እኔ በረዶ የማውቀው ከሰማይ ሲወርድ፣ ቆርቆሮ ሲደበድብ ብቻ ነው፤ ርእሱ ግን አላሳልፍ አለኝ። ተንሸራቶ የማያውቅ የትዳር ጓደኛን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞ ለመሄድ የትኛውን ተራራ መምረጥ እንደሚገባ ነበር የሚያስረዳው። ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልሁ እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ቁልቁለቱ ለዘብ ያለ ይሁን ይላል። አስተማሪው ትዕግሥተኛ ይሁን። ከመሐል መመለስ የሚቻልበት ይሁን። ማለዳ ጀምሩ፤ ከሰዓት በኋላ በረዶው ይበላሻል። የመጨረሻው ምክር፣ እናንተ የምትወዱትን ተራራ አትምረጡ የሚል ነበር። ይህስ ለራስ ወዳዶች ነው ብዬ ገጹን ገለጥሁ።

ቤት ገብቼ ደብተር አወጣሁና ገጹን አራት ቦታ ከፈልሁት። ደብረ ማርያም፣ ዘጌ፣ ቁንዝላ፣ ደቅ።

ደብረ ማርያም ከከተማው ይታያል፤ ጀልባው ተነሣ ሲባል ደርሷል። "ሐይቁን አየሁት" ብሎ ነገሩን በዚያው እንዳይዘጋው ፈራሁና ሰረዝሁት። ቁንዝላ በመኪና ደርሶ ከዚያ ወደ ደቅ መሻገር ይቻላል፤ የመንገዱ አቧራና ጉድጓድ ግን ሰውን ገና ውሃ ሳያይ ያሳምመዋል። ሰረዝሁት። ዘጌ ላይ ብዙ ቆየሁ። ርቀቱ መካከለኛ ነው፤ ዳርቻው ከዓይን አይጠፋም፤ ከሁሉ በላይ የመኪና መንገድ አለው፤ ጀልባው ያስጠላው ሰው በመኪና ይመለሳል። ለጀማሪ የተፈጠረ ቦታ ነው። ከጎኑ በቆንጆ ጽሕፈት "እንግዳ ይበዛበታል" ብዬ ሰረዝሁት። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። እኔ የፈለግሁት ባለቤቴ ዳር የማይታይበት መሐል ላይ ቀና ብሎ፣ እኔ በልጅነቴ ያየሁትን ያንን ስፋት እንዲያይ ነው። መመለሻ ያለው ቦታ አልፈለግሁም። ደቅ ብቻ ቀረ።

ቀሪው ሰዓቱን ማወቅ ነበር። እኔ የምመላለሰው በየዳርቻው እየቆመ ግማሽ ቀን በሚፈጀው ትልቁ ጀልባ ነው፤ አሁን ግን አዲስ ሞተር የገጠሙ ትንንሾች መጥተዋል፤ በእነሱ ሄጄ አላውቅም። ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወርጄ አንዱን ባለጀልባ አገኘሁት። ሞተሩን ፈታትቶ፣ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት ነክቶት ነበር።

"ቅዳሜ ወደ ደቅ ትወጣለህ?"

"አንድ ሰዓት ላይ እነሣለሁ፤ ሰው ቢሞላም ባይሞላም።"

"መቼ ትደርሳለህ?"

"በሦስት ሰዓት ደቅ ነን።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እህቴ፣ ይኸ ሞተር የድሮው መሰለሽ እንዴ? በሦስት ሰዓት አልሁሽ፣ በሦስት ሰዓት ነው።"

"ነፋሱስ?"

"ነፋስ ረፈድ ሲል ነው። ኧረ ተይኝ፣ ብሎኔን አስጣልሽኝ!"

እዚያው ቆሜ ጻፍሁ። መነሻ፣ አንድ ሰዓት። መድረሻ፣ ሦስት ሰዓት። ልማድ ሆኖብኝ የሰውየውን ቃል አስተካክዬ ነው የጻፍሁት፤ "በሦስት ሰዓት" ያለውን "ሦስት ሰዓት ላይ" አድርጌ። የጠራ አማርኛ መሰለኝ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ አነበብሁለት።

"የሁለት ሰዓት መንገድ" አለ፣ የስምሪት ወረቀት እንደሚያነብ ሰው። "ደብረ ታቦር መሄድ ማለት ነው። እችላለሁ።"

ቅዳሜ ማለዳ ሐይቁ ላይ አንዲት መሥመር አልነበረችም። የተሳፈርነው ሦስት ነን፤ እኛ ሁለታችንና ሳሙናና ስኳር ወደ ደቅ የምታወርድ አንዲት የወረታ ነጋዴ። ሻሿን አጥብቃ፣ ካርቶኗን ተደግፋ፣ ባለቤቴ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ማሰሪያ ሲጎትት ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ወንድምዬ፣ ላላ አድርገው! ውሃው ሳይወስድህ ጃኬቱ ነው የሚያንቅህ።"

"የመጀመሪያዬ ነው" አላት።

"ታስታውቃለህ! ወላሂ፣ አንበሳ ላይ የተቀመጥህ ነው የምትመስለው።"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደግ ጅምር ነው ብዬ በልቤ ጻፍሁት።

የዘጌ ዛፎች በስተግራችን አለፉ። ከዚያ ወዲያ ዳርቻው ራቀ፣ ቀጠነ፣ በኋላም ጠፋ። ይህ ነበር የመረጥሁለት ቦታ። "እስቲ ቀና በል" አልሁት።

"ስደርስ አያለሁ።"

ዓይኑ ክንዱ ላይ ነበር። ሰዓት ያሰረበትን እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳኖረ፣ ሌላው እጁ የመቀመጫውን ጠርዝ እንደጨበጠ። በየጊዜው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ግማሹን ጨረስን"፣ "ሠላሳ ደቂቃ ቀረ" ይላል። ድምፁ የረጋ ነው። ሰዓቱ ይዞታል። እኔም ያን ጊዜ ኮራሁ፤ የተናገርሁት ቃል ሰውን ውሃ ላይ ሲይዝ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ቀና አለ። ከማለዳ ጀምሮ ያጠራቀመው ነገር ሁሉ በዚያች ቀና ማለት ውስጥ ነበር። ከፊት ውሃ ነው። ከኋላም ውሃ ነው። ከሩቅ ጭጋግ እንጂ መሬት የሚባል የለም።

"ሦስት ሰዓት ሆነ" አለኝ።

"ትንሽ ዘገየ መሰለኝ።"

"ስንት ደቂቃ?"

"አሥር ቢሆን ነው።"

አሥሩን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። በሕይወቴ ያላረጋገጥሁትን ቁጥር ተናግሬ አላውቅም ነበር። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ አሥሩን ደቂቃ ጠበቀ። እኔም አብሬው ጠበቅሁ።

"አሥሩ አለፈ" አለ።

ወደ ባለጀልባው ዞርሁ። "ሦስት ሰዓት ላይ እንገባለን አላልኸኝም?"

"ማ? እኔ?" ሞተሩን እንደያዘ የነጻ እጁን ጣቶች ዘረጋ። "በሦስት ሰዓት ነው ያልሁሽ። አንድ ላይ ተነሣን፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራት ላይ እንገባለን። ምኑ ነው የጠፋሽ?"

"ኧረ በአላህ!" አለች ነጋዴዋ። "ሦስት ሰዓት ላይ ብለሽ ነው እንዴ ሰውየውን ያመጣሽው?" ሳቋን ጀምራ ነበር፤ የባለቤቴን ፊት ስታይ ዋጠችው።

አሁንም ድረስ ያን ዐረፍተ ነገር አወጣዋለሁ አወርደዋለሁ። "በሦስት ሰዓት" ሦስት ሰዓት ሲሆንም ነው፤ ሦስት ሰዓት ፈጅቶም ነው። ሁለቱም ልክ ነው። ሰውየው አልዋሸኝም፤ አማርኛም አልተሳሳተም። ከሁለቱ ፍች የፈለግሁትን ለቅሜ፣ ሌላው መኖሩ እንዳይታይ አድርጌ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ነፋሱ የተነሣው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ የነጋዴዋ የሻሽ ጫፍ ተነሣ፤ ቀጥሎ የጀልባው አፍንጫ ከፍ ብሎ በጥፊ እንደሚመታ እጅ ውሃው ላይ ወደቀ። ፊታችን ረጠበ። ባለቤቴ ብድግ አለ።

"ቁጭ በል!" ባለጀልባው ጮኸ። "ማንም እንዳይነሣ!"

"መልሰኝ" አለው ባለቤቴ።

"ወዴት?"

"ወደ ባሕር ዳር። መልሰኝ።"

"ወንድሜ፣ ኋላው እኮ ከፊቱ ይርቃል!"

ተቀመጠ። ከመሐል መመለስ የሚቻልበት ይሁን የሚለውን አንብቤዋለሁ፤ ዘጌን የሰረዝሁባት መሥመር ዓይኔ ላይ መጣች። እጁን ልይዘው እጄን ሰደድሁ፤ እሱ ግን ሰዓቱን እየፈታ ነበር። ፈትቶ መዳፌ ላይ አኖረው።

"አንቺ ነሽ እኮ የነገርሽኝ" አለኝ። አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ሞገድ ሲመጣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ቁጥር አላውቅም። ነጋዴዋ ካርቶኗን ትታ አጠገቡ ተጠጋችና ጃኬቱን ከኋላ ጨምድዳ ያዘችው። "ይዤሃለሁ፣ ይዤሃለሁ፤ አይዞህ የእናቴ ልጅ" ትለዋለች። ያን ያህል መንገድ ሰዓቱን ጨብጬ ባሌ በሌላ ሰው ሲያዝ አየሁ።

አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ደቅ ገባን። አባቴ ዳርቻው ላይ ካለው ዋርካ ሥር በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ባለቤቴ ጀልባው እስኪታሰር አልጠበቀም፤ ከነጫማው ውሃው ውስጥ ወርዶ ወጣና ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

"ቆይ ልጄ፣ አትጎንበስ፤ መጀመሪያ ምድሪቱ ትርጋልህ" አሉት ትከሻውን ይዘው። "ምነው ፊትህ?"

"ሰዓቱ ነው፣ የኔታ። ሦስት ሰዓት ተብዬ..."

አባቴ ወደ እኔ አዩ፤ ወደ እሱ ተመለሱ። "ሰዓት የምትወድ ከሆነማ ከአገሩ ገባህ። ሰዓታት አስቆምሃለሁ። እሱ ሲያልቅ ነው የሚያልቀው።"

ሰዓታት በቤተ ክርስቲያን ተቆሞ የሚደርሰው ጸሎት ነው። ባለቤቴ ሳቀ። ለእኔ ግን አልሳቀም።

ሁለት ቀን እንደ እንግዳ አክብሮ አናገረኝ። ምግብ ሳቀርብ "እግዜር ይስጥሽ" ይላል። በር ላይ ሲቀመጥ ጀርባውን ለሐይቁ ይሰጣል። እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ባለጀልባው ማግስቱን ማለዳ እንደሚመጣ ስነግረው፣ "እኔ አልሄድም" አለ።

"እስከ መቼ?"

"እንጃ።"

"ይቅር፣ ምን ቸገረሽ" አሉ አባቴ። "እኔስ እንዲሁ አይደል የቀረሁት?"

"እርስዎ ድጓ ሊማሩ መጥተው እማዬን ወደው ነው የቀሩት" አልሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ይህን ነው።

"ለድጓስ እውነት ነው፤ ሁለት ዓመት ብዬ ነበር የመጣሁ። ስሻገር ማዕበል መታን። ዛሬ እመለሳለሁ፣ ነገ እመለሳለሁ ስል እናትሽን አገኘኋት።" በትራቸውን መሬት ላይ አንከባለሉ። "ወደ አገሬ እንሂድ ስትለኝ፣ ካንቺ ደሴት አልለይም እላት ነበር። ፍቅር ነው ብላ ሞተች። እኔም አላረምኋት።"

እኔ አባቴን አየሁ፤ በበዓል ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት የሚቆመውን ያንን ጉልበት። ያ ጉልበት ጀልባ መውጣት እንዴት እንዳቃተው አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። አገራቸውን፣ እናታቸውን፣ የእኔን ሠርግ የወሰደባቸው ያ አንድ ጉዞ ነው። ባለቤቴን ሳየው እሱም የሚያየው እሳቸውን ነበር። ያን ቀን የቀረውን ጊዜ ባለቤቴ የሚሄድ ይሁን የሚቀር ሳላውቅ አሳለፍሁት።

ሰኞ ማለዳ ሻንጣዬን ይዤ ስወርድ ዋርካው ሥር ቆሞ አገኘሁት። ቦርሳውን አንግቷል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"እንደ የኔታ አርባ ዓመት ከምፈራ ሦስት ሰዓት ብፈራ ይሻለኛል" አለኝ። ሰዓቱን አውጥቼ ዘረጋሁለት። "አንቺው ያዢው። ደግሞ ይህን ያህል ቀረ እንዳትዪኝ።"

"አልልህም።"

ነጋዴዋ ባዶ ካርቶኖቿን አጥፋ ቀድማ ተቀምጣለች። "ባለአንበሳው! መጣህ?" አለችው። "ዛሬ እኔ የምወርደው ዘጌ ነው፤ ጌሾ አለብኝ። ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚይዝህ እንጃ።"

"እያንዳንዱ ራሱን ይያዝ" አላት።

ከእኔ ራቅ ብሎ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ነፋስ አልነበረም፤ ይህ ግን ምንም ማለት እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ አፌን ዘጋሁ። ዝም ማለት ለእኔ ቀላል ነው ብለው የሚያስቡ ሰዎች አሉ፤ ያን ቀን ግን ምላሴ ላይ "ገና ነው"፣ "ደረስን"፣ "አይዞህ" ተደርድረው ነበር። ማናቸውም የተረጋገጡ አልነበሩም። ዋጥኋቸው። እሱ መጀመሪያ የጀልባውን ወለል አየ። ቆይቶ ሞተሩን አየ። ብዙ ቆይቶ፣ እኔ ሳላዘው፣ ውሃውን አየ፤ ምን እንዳየ አልነገረኝም፤ ፊቱም አልተፈታ።

"ምን ያህል ቀረን?" አለኝ በመጨረሻ፣ የራሱን ትእዛዝ ረስቶ።

"አላውቅም። ያ የዘጌ ዛፍ ነው። ሌላ አላውቅም።"

ራሱን ነቀነቀ። ዛፉ እስኪቀርብ ዓይኑን አላነሣበትም።

ዘጌ ስንደርስ ጀልባው ነጋዴዋን ሊያወርድ ዳር ያዘ። መሬቱ አንድ እርምጃ ነበር። ከዛፎቹ ወዲያ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። እኔ ተነሣሁ።

"እዚህ መውረድ ትችላለህ" አልሁት። "በመኪና መግባት ይቻላል። ቅር አይለኝም።" የመጨረሻዋ ቃል እውነት አልነበረችም፤ ግን ምርጫው የእሱ እንዲሆን ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

መሬቱን አየ። ነጋዴዋ እግሯን ዳር ላይ እንዳደረገች ቆማ ትጠብቀዋለች። ባለጀልባው ገመዱን አልለቀቀም።

"አንቺ ትወርጃለሽ?" አለኝ።

"እኔ አልወርድም።"

"እንግዲያው ተቀመጪ" አለ፣ ሁለት እጁን ጠርዙ ላይ እያጠበቀ። "ስትቆሚ ጀልባው ያጋድላል።"